አርባ አንድ ቁጥር ሶሌታ

ወንድሜ ሆይ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ብዕሩን የያዘችው ልጅህ ተስኒም ናት፤ ጽሕፈቷን ዐይተህ ወረቀቱን እንዳታጥፈው። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ። የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ሚስትህ ዐፊፋስ? የአንተን እግር አልጠይቅህም፤ ደህና ነው ብለህ እንደምትዋሸኝ አውቃለሁ።

የእኔን ልንገርህ። ስኳሩ የእግሬን ስሜት ወስዶታል። አምና ሚስማር ጫማዬን በስቶ ገብቶ፣ ከፒያሳ ቸርችልን ቁልቁል ወርጄ ተመልሼ ወጣሁ፤ ያወቅኩት ካልሲዬ በደም ርሶ ሳየው ነው። ሁለት ጣቴ በዚያው ሄደ። ሐኪሙ የልብስ ስፌት መኪናውን በእግርህ አትርገጥ ቢለኝ፣ ፔዳሉን በምላሴ ልርገጠው ወይ አልኩት።

ልጅህ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ለሮቦት ጣት ቆዳ ትሠራለች፤ ሮቦቱ እንቁላል ሲያነሳ ምን ያህል እንደጨበጠ እንዲያውቅ። ከዚያው ቆዳ ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ሶሌታ ሠራችልኝ። ስስ ነው፣ ይተጣጠፋል። ባትሪ የለው፣ ቻርጅ አይፈልግ፤ እግር በተጫነው ቁጥር ኮረንቲውን ከራሱ ያወጣል። አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ከተጫንኩ እጄ ላይ ያሰረችልኝ አምባር ይንቀጠቀጣል።

አላመንኳትም ነበር። ጁምዓ ዕለት ጫማዬን መስጊዱ በር ላይ ትቼ፣ ሰግጄ ሳበቃ አምባሩ ተንቀጠቀጠ። ባዶ ጫማ! ብወጣ ወርቅ ሠሪው ጎረቤቴ ሐጂ ቡሽራ፣ ያ ወፍራሙ፣ ጫማዬን አጥልቆ ቆሟል። የእኔን ነው ያደረግከው ስለው፣ እኔስ እግሬ አበጠ ወይ ብዬ ደንግጬ ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሶሌታው ከቤት አልወጣም።

አሁን ወደ አንተ። ግራ እግርህን በፋሻ ጠቅልለህ እያነከስክ ሐኪም እንዳላሳየህ ዐፊፋ ነግራኛለች። ልጅቷን ያጨህላትን ባል እምቢ ብላ ትምህርቷን ስለመረጠች ደጄን አትርገጪ ብለሃታል። የሠራችውንስ አልረግጥም ልትል ነው? ለኩራትህ ብዬ እግርህ ሲቆረጥ ቁጭ ብዬ አላይም። ረቡዕ ይዣት እመጣለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቁስሉ ሲድን ሶሌታው። በሩን ዝጋ፣ እዚያው ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለእኔ የሰጠችኝ ሶሌታ ሲመጣ አርባ አንድ ቁጥር ነበር። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ። አልገባ ሲል ዙሪያውን በመቀስ ከረከመችው። መጀመሪያ ለማን እግር እንደተሠራ አልጠየቅኳትም። አንተ ግን ጫማህን ገልብጠህ ቁጥሩን እየው።

አላህ እግርህን ያጽናልህ፣ ልብህን ያራራልህ።

ታላቅ ወንድምህ

በይ ተስኒም፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ዓይንሽን ጥረጊና ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። የቁጥሩንም ነገር እንዳትዘዪው።