መተንፈሻ ስለሌላቸው መጥበሻዎች

ለተከበሩ የፓተንት ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን፣ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት ብረት ስቀጠቅጥ የኖርኩ መጥበሻ ሠሪ ነኝ። ምግብ እንዳያሳርር ብዬ መቀመጫውን በሁለት ንብርብር ብረት የሠራሁት መጥበሻ «ማንኛውም የሙያው ሰው በቀላሉ የሚያስበው ነው» ተብሎ ይግባኜ ውድቅ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በዝርዝር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩. ሥዕሉን ብቻ አይተው በመወሰን ውድ ጊዜዎን ስለቆጠቡ አመሰግናለሁ። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የታፈነው አየር ሲግል የሚወጣባት ቀዳዳ እጀታው ሥር ስለተሸሸገች ሥዕሉ ላይ የለችም፤ የተጻፈችው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። እኛ ብረት ሠሪዎች የማይታየውን አንሥልም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም።

፪. ሥራው ከነዝርዝሩ ለማንም ግልጽ መሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ለእኔ ግን አልታየኝም ነበር። የመጀመሪያውን መጥበሻ ያለ ቀዳዳ በይጄ ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ አሥራ አንድ ቀን በሰላም ጠበሰችበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፈነዳ፤ የጋለው ዘይት ፊቷ ላይ ተረጭቶ ግራ ዓይኗ ጠፋ። ዛሬ መርፌ ላይ ክር የምታስገባላት ልጃችን ናት። ይህን ያህል ቀላል ነገር አስቀድሜ ባለማሰቤ እስካሁን አፍራለሁ።

፫. ውሳኔዎ በወጣ በሁለተኛው ወር አንድ ትልቅ የዕቃ ፋብሪካ መጥበሻዬን ለገበያ አቀረበ። ሦስት ገዝቼ ገልብጬ አየኋቸው። ሥዕሉን አሳምረው ቀድተዋል፤ ቀዳዳ ግን የላቸውም። መሐንዲሶቻቸው የሙያው ሰዎች አይደሉም ለማለት አልደፍርም። አደጋውን ጽፌ ባሳውቃቸው፣ የእርስዎን ውሳኔ አያይዘው በዚህ መጥበሻ ላይ ምንም የሚያገባኝ ነገር እንደሌለ በትሕትና መለሱልኝ። ብየዳቸው ከእኔ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ቀን ሳይሆን ምናልባት ወር ይቆይ ይሆናል።

በየቤቱ ምድጃ ላይ ስለተጣዱት ሁሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ከሙያው ሰዎች ሁሉ የዘገየሁት መጥበሻ ሠሪ

ማሳሰቢያ፦ ከውሳኔው በኋላ የመጨረሻ አቤቱታዬን ላስገባ በመጣሁ ዕለት በመሥሪያ ቤትዎ ምግብ ቤት በኩል አለፍኩ። ምግብ አብሳይዋ ከዚያው ፋብሪካ አራት አዳዲስ መጥበሻዎች እንደተገዙላት በደስታ አሳየችኝ። እንዳትጥዳቸው ብለምናት የበላይ ትእዛዝ ካልመጣ እንደማይቻላት ነገረችኝ። ይህ ከሆነ ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። እኔን ባይሰሙኝ ግድ የለም፤ ለእሷ ግን ዛሬውኑ፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ መስመር ይጻፉላት።