ባለገመዱ ወይስ ባለሲሙ?

ሚያዝያ 6
ልጄን ሀሴትን ትምህርት ቤት አድርሼ ልብስ አጠብኩ። ላሰጣ ስል ስልክ… ከሐዋሳ፣ ከአስጠኚ ድርጅት! ሒሳብ በኢንተርኔት እንዳስተምር ሊሞክሩኝ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውሌን አላድስም ካለኝ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ደግ ወሬ። "የቤት ኢንተርኔት አለዎት?" አሉ። "አስገባለሁ" አልኩ።

ሚያዝያ 8
ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ድርጅት ከምሰሶ ገመድ ይስባል፤ ሌላው ሲም የሚገባበት ራውተር ይሰጣል። በባጃጅ ባለገመዶቹ ዘንድ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ በዛብህ ይባላል። "በናንተ ሰፈር ምሰሶው ላይ ባለው ሳጥን የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቶሎ ወስኚ" አለኝ።
መወሰን አቃተኝ። ነገ ሉሲን ልጠይቃት። ቢሮዋ ባለገመዱን ነው የሚጠቀመው፤ ታውቃለች። ደግሞ ጎረቤት ብቻ አይደለችም። ሀሴትን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት።

ሚያዝያ 9
"ገመዱን? ተዪው ባክሽ! ዝናብ በጣለ ቁጥር ነው የሚቋረጠው። ባለሲሙን ውሰጂ።"
"የቀረው አንድ ቦታ ነው አሉኝ እኮ። ቢያመልጠኝስ?"
"ይቅርብሽ!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቀለለኝ።

ሚያዝያ 11
ባለሲሙን አስገባሁ። በረንዳ ላይ ጥሩ ነው። ሳሎን ግን… ቤታችን ገደል ሥር ስለሆነ ይሆን?

ሚያዝያ 17
ሙከራው ዛሬ ነበር። ክፍልፋይ። የልጁ ፊት ስክሪኑ ላይ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። "ቲቸር፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል…" ላፕቶፑን ተሸክሜ በረንዳ ወጣሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴንም ድምፅ መስማት አቃተኝ።
ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰላማዊት በኋላ ደወሉ። "አስተማማኝ ኢንተርኔት ሲኖርሽ ንገሪኝ" አሉኝ። ሴትዮዋ ቅን ናቸው። እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

ሚያዝያ 18
በዛብህ ጋ ተመለስኩ።
"ሞልቷል። አንቺ በመጣሽ በማግስቱ ተያዘ።"
"ማን ወሰደው?"
"የደንበኛ ስም አልናገርም፣ እህቴ።" ሌላ ሳጥን እንደሚሰቀል ነገረኝ። መቼ? እሱም አያውቅም።

ሚያዝያ 20
የሚይዝበት ቦታ ባገኝ ብዬ ራውተሩን ይዤ በየክፍሉ ስዞር ዋልኩ። ጓዳ ስደርስ ስልኬ ላይ ሌላ ዋይፋይ መጣ። "የሉሲ ቤት"። ሙሉ ምልክት።
የሌላ ሉሲ ይሆን? ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ሉሲ አለች እንዴ?
ወጥቼ በእንሰቱ መሃል በአጥሩ አየሁ። ከምሰሶው የመጣ ጥቁር ገመድ በጣሪያዋ ሥር ገብቷል። አዲስ ነው።

ሚያዝያ 21
ሄድኩ። አልተቀመጥኩም።
"መቼ አስገባሽው?"
"ምኑን?" አለች መጀመሪያ። ከዚያ… "ልነግርሽ ነበር እኮ። ባሌ ደግነት ለትምህርቱ ፈለገው። ምን ልበለው?"
"ይቋረጣል ያልሽኝስ?"
እጄን ልትይዝ ተጠጋች።
"ሳሮኔ፣ አንቺ ሌላ አታጪም ብዬ ነው። ይለፍ ቃሉን ልስጥሽ፣ በኛ ተጠቀሚ።"
ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ለምን አልጠየቀችኝም? "እኛም ፈልገነው ነበር" ብትለኝ እኮ… እተውላት ነበር? እንጃ። ግን እየሳቀች ነው ያታለለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ!

ሚያዝያ 23
ይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ላከችው። አጠፋሁት።

ግንቦት 4
ሀሴት "እማዬ፣ እነ ሉሲ ቤት ለምን አንሄድም?" አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። የቱ ሥራ?

ግንቦት 19
በዛብህ ራሱ ደወለ፤ አዲሱ ሳጥን ተሰቅሏል። ሮጬ ሄድኩ።

ግንቦት 27
ገመዱ ከገባ ወዲህ ሲዘንብ ነው የከረመው። አንዴም አልተቋረጠም።
ዛሬ ሁለተኛው ሙከራ ነበር። ልጅቷ አስቸጋሪውን ጥያቄ ራሷ ሠርታ ስትጨርስ በደስታ ጮኸች፤ ጩኸቷ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ወይዘሮ ሰላማዊት ወዲያው ደወሉ፦ "ሰኞ ጀምሪ።"
ብቻዬን ሳሎን መሃል ቆምኩ። ለማን ልንገር? ስልኬን ሳነሳ ጣቴ ሳላስበው የሉሲን ስም ነካ። ቶሎ ዘጋሁት። ጠርቶ ይሆን?
ወናጎ ላለችው እህቴ ደወልኩ። እልል አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤት ጠየቀችኝ።
"ሉሲስ? እንዴት ናት?"
"ደህና ናት መሰለኝ" አልኩ።