ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ኪራይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወንድሜ ዛሬም «ጦር ኃይሎች ሰፈር ሱቅ ያዢ፣ ሰው እንደ ጉድ ነው» ሲለኝ ዋለ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እዚያ ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን በቀን አስራ አንድ የተማሪ ዩኒፎርም መሸጥ አለብኝ። እዚህ ቀራንዮ አራት ሰፍቼም አተርፋለሁ።

ልኮራ ስል አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። የምሰፋበት ክፍል የአባዬ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ኪራዩን ዜሮ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጎረቤታችን ለእንዲህ ዓይነት ክፍል የሚያስከፍለውን አስገብቼ እንደገና ሠራሁት። ትርፌ በግማሽ ወረደ፤ ግን አለ፣ የራሴም ነው። ጦር ኃይሎች ቀርቷል።

እራት ላይ «አባዬ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራይ እከፍልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ለልጄ ነው የማከራየው?» ብለው ተቆጡ። ትንሽ ቆይተው ግን «ስንት?» አሉ።

የጎረቤታችንን ዋጋ ነገርኳቸው።

«የሱ ቤት እኮ ጣሪያው ያፈሳል» አሉኝ።