በመስኮት የሚታይ የሂሳብ ትምህርት

ይድረስ ለልጃችን ለመልካሙ፤

ባለህበት ሰላም ይብዛልህ። እኛ፣ መድኃኔዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። ገብሱንም ወቅተን አስገብተናል።

አዲስ አበባ ተቀርፀህ የምታስተምረው ሂሳብ ወገዳ ትምህርት ቤት በፕላዝማ በታየ ቁጥር፣ እናትህ ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ በመስኮት ታይሃለች። ባለፈው ሳምንት "ልጄ ከሳብኝ" ብላ አለቀሰች። መምህሩን ለብቻው ብጠይቀው፣ "አባ፣ ይህ የሚያዩት እኮ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀረፀ ነው" አለኝ። ለእሷ ግን "ደህና ነው፤ ዛሬም ሲያስተምር አየሽው አይደል?" አልኳት።

የላክንልህ አራት ደብዳቤ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። እባክህ አንዲት መስመር ላክልን፤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈችም ብትሆን። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለእናትህ ምን እንደማሳያት አላውቅም።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ።

አባትህ ቄስ አስማረ