ቁጭ ብዬ መብላት ስላልቻልኩ የተከለከልኩት ቪዛ

ኅዳር 2017 ዓ.ም.
ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ

ለባሕር ማዶው ኤምባሲ የቪዛ ክፍል ክቡር ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፦

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ቀኑን ሙሉ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጠው ሰው የሚመዝኑበትን ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደምለው ደኅና ነኝ፤ ገብሱ ታጭዷል፣ ብርዱም ገብቷል። እርስዎ በሁለቱም ደብዳቤዎችዎ መጨረሻ ላይ መልካሙን ሁሉ ተመኝተውልኛል፤ ምኞትዎ በሰላም ደርሶኛል። ከእርስዎ ቢሮ ወጥቶ ያለ እንቅፋት እኔ ዘንድ የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በእኛ አገር ትልቅ ውለታ የተዋለለት ሰው በጓዳ አያመሰግንም፤ አደባባይ ወጥቶ ነው የሚያመሰግነው።

ምናልባት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ውባለም አድማሱ እባላለሁ። ፍቅርተ እንየው የምትባል አንዲት ልጄ በአገራችሁ ስትሠራ ታማ ሞታ፣ በአገራችሁ የተቀበረችብኝ ሴት ነኝ። አስከሬኗን ለማምጣት አቅሙ አልነበረንም፤ ጓደኞቿ እዚያው ቀበሯት፣ እኛም እዚህ ፎቶግራፏን አቁመን አለቀስን። የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ከአባቷ መቃብር ራስጌ አንድ እፍኝ አፈር ይዤ ሄጄ፣ በገዛ እጄ ላለብሳት ነው። አፈር ታለብሰኛለች ብዬ የጠበቅሁት እሷን ነበር፤ ተራው ተዛነፈ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ በእርስዎ ቅጽ ላይም ለእሱ የተተወ ቦታ አላየሁም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ መጀመሪያው መልስዎ አመሰግናለሁ። ያን ጊዜ ያመለከትኩት ለጉብኝት ነበር። ሄጄ፣ አልቅሼ፣ አፈሯን አልብሼ ልመለስ። እርስዎ ግን ወደ አገሬ እንደምመለስ እንዳላሳመንኩዎት ጻፉልኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ወገዳ ገበያ ውዬ እንኳ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቴ ለመግባት የምሮጥ ሰው ነኝ። ደብረ ታቦር ዘመድ ዘንድ ያደርኩ ዕለት፣ ዶሮዎቼን ማን ቆጥ ላይ ያወጣቸዋል እያልኩ ስገላበጥ ነግቶብኛል። ማሳዬን፣ ቀፎዬን፣ የባሌን መቃብር ጥዬ እናንተ ዘንድ ልሸሸግ እንደነበር ከእኔ ቀድመው ስላወቁልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የነፍስ አባቴ እንኳ ገና ላላሰብኩት ኃጢአት ንስሐ ሰጥተውኝ አያውቁም።

ሁለተኛ፤ ሌላ በር ስለከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። የፍቅርተ የክፍል ጓደኛ የነበረ፣ ዛሬ ወገዳ ላይ ኮምፒውተር ቤት ያለው ተስፋሁን፣ የእናንተን ሕግ ሲያገላብጥ ሰንብቶ አንድ ቀን አስጠራኝና፣ እማማ ውቤ፣ ሳይሠሩ ገቢ ለሚያገኙ ሰዎች የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ አለ አለኝ። ሌቦች ናቸው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ኧረ አይደሉም፣ ቤት አከራይተው፣ ብራቸውን አስቀምጠው፣ ቁጭ ብለው የሚበሉ ሰዎች ናቸው አለኝ። ቁጭ ብሎ የሚበላ ከመዥገር በቀር አላውቅም አልኩት። እሱም ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ እንግዲያማ መዥገር መሆንዎን በማስረጃ እናሳያለን እማማ አለኝ። ሳለቅስ በከረምኩበት ዓመት የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ ስለ ሳቁም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ሳላውቀው ባለጠጋ እንደነበርኩ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ሴት እርፍ ጨብጣ አታርስም። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ወንዱ ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። የእኔን መሬት የሚያርሰው አለበል የሚባል ጎረቤቴ ነው። ስለዚህ እናንተ ብዙ ሊቃውንት ሰብስባችሁ ያወጣችሁትን ሕግ፣ የስማዳ መበለት ሁሉ ስሙን ሳታውቅ ስትኖርበት ኖራለች ማለት ነው። ተስፋሁን ደስ ብሎት ሌላም አለ ወይ አለኝ። እስቴ ለሚኖረው ወንድሜ ያስረባኋት ላም አለች፤ እሱ ይጠብቃታል፣ ጥጃውን እንካፈላለን። ንቦች አሉኝ፤ ውጡ ብያቸው አላውቅም፣ በራሳቸው ይወጣሉ። ባሕር ዛፉም እኔ ስተኛ ያድጋል። ይህን ሁሉ አስጻፍኩ። ዶሮዎቹን ግን ከጭልፊት ስለምጠብቃቸው ሥራ ነው ብዬ በሐቅ አስወጣኋቸው።

እርስዎም መርምረው፣ ገቢው በየወሩ የሚገባና በባንክ ማስረጃ የተደገፈ መሆን አለበት አሉ። ትእዛዝዎን ለገብሱ አስተላልፌያለሁ። አለበልም በበሬዎቹ መካከል ቆሞ ነግሮታል። ገብሱ ግን እልኸኛ ነው፤ እንደ አባቶቹ በዓመት አንዴ ብቻ ደረሰ። ንቦቹም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንዲያቀርቡ ተጠይቀዋል። መልሳቸውን አለበል ግንባር ላይ አትመውለታል፤ እብጠቱ ክብ ነው፣ ከሩቅም ይነበባል። እንደ ባንክ ማኅተም ይያዝልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ፤ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው፣ የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው።

ተስፋሁን፣ እንደማይሠሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአካባቢዎ ቢገኝ ይጠቅማል አለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። አንቺን ሥራ ፈት ናት ብዬ ማኅተም ባሳርፍ ሚስቴ ራት ትከለክለኛለች ብሎ አባረረኝ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ልጆቻችንን ሁሉ ያስተማሩ፣ ፍቅርተንም ፊደል ያስቆጠሩ አባት ናቸው። ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ልጄ፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ፣ እኔ በቁምሽ አልሰድብሽም፣ ይልቅስ ድንጋይ የሚያቀልጥ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አሉኝ። ጻፉም። በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በዚያ በሚያምር እጃቸው፣ ወይዘሮ ውባለም ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥታ ውኃ የምትቀዳ፣ የምታርም፣ የምትፈጭ፣ የምትፈትል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የምትጠርግ፣ እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናት ብለው ጻፉ። ሽማግሎቹ ሊፈርሙ ሲመጡ አንዱ ከሌላው እየተሽቀዳደመ ጨመረበት። አንዱ፣ እንጨት መሸከሟ ተረስቷል አለ። ሌላው፣ ወንዝ ዳር የሰበሰበችው ኩበት ይጻፍ እንጂ አለ። አለበል ደግሞ የእኩሉን መሬት አረም የምታርመው እሷ ናት፣ እኔማ ማረስ ብቻ ነው ብሎ በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ተስፋሁን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ይህን ደብዳቤ ካስገባን አለቀልን፣ እዚሁ ይቅር አለኝ። እንዴት ይቀራል? መሪጌታ ዓይናቸው እያነባ የጻፉትን፣ ያገሩ ሽማግሌ የፈረመበትን ወረቀት እንደ ጉድፍ ልጣለው? ይዤው መጣሁ።

ተስፋሁን አውቶቡስ ላይ ሲያሳፍረኝ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ ሲሉዎት ምንም ይበሉ፣ ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ ብሎ አስጠናኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ምንም፣ ምንም፣ ምንም እያልኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ እናቴ ምን ሆነው ነው ብትለኝ፣ ምንም አልኳት። እንደዚያ ደኅና አድርጌ አጥንቼ ነበር።

ከዚያ በመስተዋቱ ፊት ቆምኩ። እርስዎ ጠየቁ፣ የምታስተረጉመው ያገራችን ልጅ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። እማማ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ግን በማያውቁት ሰው ፊት ምንም አልሠራም ማለት ቀሚስ አውልቆ ከመቆም አይለይም። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነጠላዬን ሳስተካክል፣ እርስዎ የመሪጌታን ደብዳቤ ከመዝገቡ አንሥተው፣ ይህ እውነት ነው ወይ ብለው አስጠየቁኝ። አይደለም ብል መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሐሰተኛ ይሆናሉ፤ ሽማግሎቹም በአውራ ጣታቸው ዋሹ ማለት ነው። ልጅቱ በዓይኗ ዝም እንድል ትለምነኛለች። እውነት ነው፣ እንዲያውም መፍተሉን አሳንሰውታል አልኩ። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች።

እናም አመልካቿ በሥራ የተጠመደች ሆና ስለተገኘች መስፈርቱን አታሟላም ብለው ወሰኑ። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። የቀበሌ መታወቂያዬ የቤት እመቤት ነው የሚለው፤ እስካሁን የመጣ መዝጋቢ ሁሉ የምሠራውን ሥራ ሥራ ብሎ አልጻፈልኝም። ሠራተኛ ናት ብሎ በማኅተም ያረጋገጠልኝ የእርስዎ መንግሥት ብቻ ነው። ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አምስተኛ፤ ይግባኝ እንደሚቻል ስለገለጹልኝ አመሰግናለሁ። በይግባኙ እንዳላፍር ብዬ ሥራ መፍታትን መለማመድ ጀመርኩ። በማለዳ ተነሥቼ መደብ ላይ ቁጭ አልኩ። ረፋዱ ሳይደርስ ጎረቤቴ ብቅ ብላ፣ ውቤ አመመሽ እንዴ አለችኝ። አላመመኝም፣ ቁጭ ብዬ ነው አልኳት። ደንግጣ ሮጠች። ቀትር ላይ ቤቴ በሰው ሞላ። አንዷ ሽሮ ይዛ መጣች፣ አንዷ ውኃዬን ቀዳች፣ አንዷ ግንባሬን ዳሰሰች፣ መሪጌታ ጠበል አስይዘው ደረሱ። ሁሉም ሲሠራልኝ ዋለ፤ እንዴት ያለ አድካሚ ቀን ነበር! በማግሥቱም ደገምኩት። ያን ጊዜ አለበል በር ላይ ቆሞ ቆቡን እያሻሸ፣ እቴቴ፣ እንዲያው አይበለውና፣ መሬቱን ለማን እያሰብሽ ነው አለኝ። ጨርሻለሁ ብዬ ተነሣሁና ማጭዱን አነሣሁ፤ ይግባኙም እዚያው ቀረ። ለሁለት ቀን እንኳ የማልችለውን እናንተ ዕድሜ ልክ እንደምትችሉት ሳስብ፣ ክቡር ሆይ፣ አክብሮቴ ይጨምራል።

ስድስተኛው ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ነው። ቅጹ ላይ የዚህ ፈቃድ ባለቤት በአገራችን ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም የሚል አለ። የልጄ መቃብር ላይ አረም በቅሎ ባገኝና ብነቅለው እንደ ሥራ ይቆጠርብኛል? ማልቀስስ? ቆሜ ነው የማለቅሰው ወይስ ቁጭ ብዬ? ይህን አስቀድሞ ማወቅ ስለሚጠቅም ቢጻፍልኝ።

ፍቅርተ እዚያ የምትሠራው የእናንተን ሽማግሎች ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማስተኛት ነበር። ቁጭ ብለው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፣ እማዬ፣ ግን ደግ ናቸው ትለኝ ነበር በስልክ። እሷን ስታስገቡ ትሠሪያለሽ ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ እሠራለሁ ስላለች አስገባችኋት። እናቷን አትሠሪም ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁ፤ እሠራለሁ ስላለች መለሳችኋት። ሁለታችንም አንድ ቃል ነው የተናገርነው። ልጅ ከእናቷ ነው የምትማረው፤ ስሕተቱ የእኔ ይሆናል።

እንግዲህ ጊዜዎን ወስጄ ሥራ ስላበዛሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለቤተ ሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ልጆችዎ እርስዎን ቀብረው የሚያለቅሱበት በጎ ዘመን፣ በየወሩም የሚደርስ ገብስ እመኛለሁ።

አንዴ ባለመታመን፣ አንዴ በሥራዋ ብዛት የወደቀች፣
የእርስዎ አክባሪ፣
ውባለም አድማሱ
(የፍቅርተ እናት)

ማሳሰቢያ፦ ለእርስዎ በሚደርሰው ዋናው ደብዳቤ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፤ ከአባቷ ራስጌ የተዘገነ አፈር ነው። የመቃብሯ አድራሻ በመጀመሪያው ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ያን ጊዜ ይህን አፈር የያዘችው ሴት መስፈርቱን ስላላሟላች፣ አሁን አፈሩን ብቻውን ልኬዋለሁ። ጉዳዩን በጥሞና ቢመረምሩ ጉድለት አያገኙበትም፤ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ ከማንም አይሻማም፣ ቁጭ ብሎም ይኖራል። ይመለሳል ወይ ብለውም አይጨነቁ። እሱ የሚመጣው ለጉብኝት አይደለም።