ሲምቦ የበላችው ሰማያዊ

ሰኞ

ልጄ ሲምቦ ሰማያዊ ዱቄት በላች። ከንፈሯ፣ ጥርሷ፣ ምላሷ ሁሉ ሰማያዊ። ገና ሁለት ዓመቷ ነው!

ከባሌ ከታምሩ ዕቃ ቤት ነው ያገኘችው። ሁለት ፌስታል ነበር፤ ሁለቱም ውስጥ ሰማያዊ ዱቄት። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚበጠብጠው ቀለም፤ ሌላው ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ ያስቀመጡት፣ ወይናቸው ላይ የሚረጩት መድኃኒት። መርዝ ነው። የትኛውን እንደበላች አላውቅም። ደንግጬ የያዘችውን ፌስታል ከእጇ ነጥቄ ሽንት ቤት ወረወርኩት። ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትቼ አስመለስኳት። ሁለቴ። በሁለተኛው ትን አላት።

ከጉደር አምቦ ሆስፒታል በባጃጅ። ሐኪሙ "ምንድን ነው የበላችው?" ሲለኝ "አላውቅም" አልኩ። ታምሩ አዲስ ዓለም ከተማ ሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም።

ማክሰኞ

ግቢያችን የምትከራየው ሰናይት ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። የተረፈውን ፌስታል እንድታይልኝ ደውዬ ለመንኳት። ውሃ ውስጥ ብትጨምረው ሟሟ።

"ቀለም ቢሆን ይዘቅጥ ነበር። ይሄ መድኃኒቱ ነው፤ ልጅሽ የበላችው ቀለሙን ነው" አለችኝ።

ሲምቦ ስታገሳ የተበላሸ እንቁላል ትሸታለች። እሱንም ነገርኳት። ቀለሙ ነጭ አፈር፣ ሶዳና ድኝ አብረው ተቃጥለው ነው የሚሠራው አለች፤ የሆድ አሲድ ሲነካው እንደዚያ ይሸታል። "አይገድልም።" ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ትኩሳት። ሳል። ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ፣ ቀለሙ አይደለም፣ ስታስመልስ ሳንባዋ የገባ ነገር አለ አለኝ። "ማን ነው ያስመለሳት?"

"ራሷ" አልኩ።

ሐሙስ

ታምሩ መጣ። አልጋዋ ሥር ቆሞ "እኔ ነኝ የገደልኳት" ይላል። አልሞተችም! ብዬ ጮህኩበት።

ስንጋባ ስለዚህ ቀለም ያወራልኝ ነበር። ድሮ ከአፍጋኒስታን ተራራ ከሚወጣ ድንጋይ ይፈጩት እንደነበር፣ ከወርቅ ይወደድ ስለነበር ለእመቤታችን ልብስ ይቆጥቡት እንደነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ "ሁለተኛ አልነካውም" አለ። ጥፋቱን ሁሉ ሲሸከም እያየሁ የጣቴን ነገር አልነገርኩትም።

ዓርብ

ያው ናት። ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጉዳል። ኦቦ ቶለሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። "ዲፋማ ልጄ፣ ይቅር በይኝ" አሉኝ። እሳቸውም!

ቅዳሜ

ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። "ጠርጥሬ ነበር" አለ። ብዙ እናት እንደሚያደርገው ነገረኝ። "ሁለተኛ ግን እንዳታደርጊው።" ደግ ነው። ደግነቱ ባሰብኝ።

እሑድ

ኦክስጅኑን ቀነሱላት። ሦስት ማንኪያ አጥሚት ዋጠች። ሐኪሙ ግን "ገና ነው" ይላል።

ለታምሩ ነገርኩት። ስለ ጣቴ፣ ስለ ትንታው፣ ስለ ውሸቴ። ዓይን ዓይኔን አየኝና ወጣ። በቃ፣ አይመለስም አልኩ።

ቆይቶ ዳቦና ሻይ ይዞ መጣ። "ብዪ" አለኝ። በላሁ።