በአቧራው ውስጥ ያልበራው የኋላ መብራት

ውድ አባ መላ፣

ይህን ደብዳቤ በቀረዎት አንድ ዓይን እንደሚያነቡት ስለማውቅ አላንዛዛውም።

ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት፣ በጋራዡ ውስጥ ለወንድሜ የመስክ መኪና የኋላ መብራት ስገጥም አጠገቤ ቆመው ነበር። በጭነት መኪናዎ የሚከተሉን እርስዎ ስለነበሩ፣ መብራቱ የተፈለገው በአቧራ ውስጥ እንዲያዩን ነው። ነጩን ትቼ ብርቱካናማውን የመረጥኩት ነጭ ብርሃን ከአቧራው ላይ እየነጠረ የተከታዩን ዓይን ስለሚያጥበረብር ነው። ከመለዋወጫው ጎማ በላይ፣ በእርስዎ ዓይን ትክክል አሰርኩት። እስከዚህ ድረስ ስህተት አላገኙብኝም።

ገመዱን ግን ከፊት መብራቱ ማብሪያ ጋር አገናኘሁት። ሾፌሩ ማጥፋቱን ረስቶ ባትሪ እንዳይጨርስ ሰግቼ ነበር።

"ልጄ፣ በቀን ማን የፊት መብራት ያበራል?" አሉኝ። "አቧራ እንደሆነ ቀንና ሌት አይመርጥም። ከሞተሩ ቁልፍ ጋር እሰረው፤ ሞተር ሲነሳ ይብራ።"

ወንድሜ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። "እሱስ መሐንዲስ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የት ተመረቁ?"

"እኔን ያስመረቀኝ ገደል ነው። አንተን ገና አልተቀበለህም!"

ሦስታችንም ሳቅን። ገመዱን ግን አልቀየርኩም። ትክክል እንደሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ በወንድሜ ፊት መታረም አልወደድኩም እንጂ። እሱ ግን እንደነገሩኝ የቀየርኩት መስሎት ነበር።

በአደጋው ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ወንድሜ ጉድጓድ አይቶ በድንገት ፍሬን ያዘ። እርስዎም ከአቧራው ውስጥ መጥተው ከኋላ ገቡብን። የብረቱን መጨማደድና የወንድሜን ሚስት ጩኸት አንድ ላይ ሰማሁ። ከኋላ ወንበር ነበረች፤ የእግሯ አጥንት ቆዳዋን ቀዶ ወጥቷል። ወዲያው የፊት መብራቱን ማብሪያ ተመለከትኩ። ጠፍቶ ነበር።

ግንባርዎ እየደማ ሮጠው መጡ። "መብራት አላየሁም! እናቴ ትሙት አላየሁም!"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "በርቶ ነበር አልነበረም?"

"በርቶ ነበር" አልኩት።

የጎማ መፍቻውን አነሳ። መጀመሪያ ትከሻዎን፣ ቀጥሎ ፊትዎን መታ። ከወደቁም በኋላ አልተወዎትም። ሰባት ጊዜ መታዎት። ይህን የማውቀው ስለቆጠርኩ ነው፤ እጁን መያዝ ስችል ቆሜ ቆጠርኩ።

መብራቱ በግጭቱ ስለደቀቀ መርማሪው ቃሌን ተቀበለ። እርስዎ በግድየለሽነት ተከሰሱ፤ ወንድሜ ግን "ሚስቱ ተጎድታበት ነው" ተብሎ በዋስ ተለቀቀ።

ትናንት እውነቱን ነገርኩት።

"ሰውዬውን ዓይኑን ያጠፋሁት በአንተ አፍ ነዋ?" አለና በቡጢ ሁለት ጥርሴን አረገፈው። ወለሉ ላይ እንዳለሁም ኮሌታዬን አንቆ፣ "ሐሙስ ችሎት ቀርበህ ይህን ብታወራ ወንድም የለህም። እገድልሃለሁ!" አለኝ። ሲዝት አውቀዋለሁ፤ የዛተውን ሳይፈጽም አይቀርም።

ቃሌን በጽሑፍ ፈርሜ ለጠበቃዎ ሰጥቻለሁ፤ ከችሎቱ በፊት አንዳች ነገር ቢደርስብኝ ወረቀቱ ይናገራል። ይቅር እንዲሉኝ አልጠይቅዎትም፤ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። ሐሙስ ዓይንዎ በጠፋበት በኩል፣ በግራዎ ልቀመጥ። ወንድሜ የተነሳ እንደሆነ፣ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እኔን ያገኛል።

ልጅዎ ለመባል የማይደፍረው